መቆሚያ

ሞተር ሳይክል ሲሄድ ሁለት ጎማ ይበቃዋል፤ ለመቆም ግን ሌላ እግር ይሻል። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሳንጃ፣ ሞተሩን በደጃፉ ለሚጠግን ሰው መቆሚያ መምረጥ የዋዛ ጉዳይ አይደለም።

የጎን መቆሚያ ለማሳረፊያ የተበጀ ነው። ያዘመመ ሞተር የዘይቱን ልክ አሳስቶ ያሳያል፤ የኋላ ጎማውም መሬት ስለሚነካ ካቴናው የቱ ጋ እንደጠበቀ፣ የቱ ጋ እንደላላ አዙሮ ማየት አይቻልም። የኋላውን ጎማ አንሥቶ የሚይዘው ተነቃይ መቆሚያ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠንካራና ደልዳላ ወለል ይፈልጋል። በክረምት ዋልካ ላይ ይሰምጣል። ድንጋይ መደገፍማ የሞተሩን ሆድ ለስብራት መዳረግ ነው።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ የመሃል መቆሚያ ነው፤ ከሥሩም ሰፊ ሳንቃ ይነጠፍለት። ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሹ ፍሪ ይሁን፣ ጎማው በእጅ ይዙር። በሞተር ኃይል የሚዞር ካቴና ጨርቁን ከነጣት ይወስዳል።