ያሳቀችን ሴት ፊልሙንም ትምራው

በምሥራቅ አፍሪካ የሚያስቁ ሴቶች ሞልተዋል። የጎደለው ከእነሱ መካከል አንዷን መርጦ «ድርሰቱን ጻፊ፣ ዳይሬክት አድርጊ፣ የመጨረሻውንም ቅጂ አንቺ ወስኚ» የሚል ፕሮዲውሰር ነው።

እዚህ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ውስጥ፣ ፎቁ ከፎቅ በተጠጋጋበት የፓይፕላይን ሰፈር አንዲት ወጣት አጭር ኮሜዲ ስትቀርጽ አይቻለሁ። ስልኳን በደረጃው ብረት ላይ አስራ የአከራይና የተከራይ ጭቅጭቅ ለብቻዋ ትጫወታለች፤ ሻሽ ስታስር አከራይ፣ ስትፈታ ተከራይ። አንዱን መልስ ደጋግማ ሞከረችና ከመናገሯ በፊት ትንሽ ዝም ስትል ሳቁ እንደሚመጣ ደረሰችበት። ይህ ትወና ብቻ አይደለም፤ ድርሰትም ዳይሬክቲንግም ነው። ወደ ቴሌቪዥን ስትዘልቅ ግን የሚጠብቃት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ሌላ ሰው የጻፈው የቤት ሠራተኛ ወይም የነገረኛ ጎረቤት ሚና ነው።

በራሳቸው መንገድ የወጡ አሉ። ኡጋንዳዊቷ አን ካንሲሜ በዩቲዩብ ባሰራጨቻቸው አጫጭር ቀልዶች ስሟን ከተከለች በኋላ በኬንያው ሲቲዝን ቲቪ በስሟ የተሰየመ ፕሮግራም አግኝታለች። በዚያው ጣቢያ «ፓፓ ሺራንዱላ» በተሰኘው ተከታታይ ላይ የቤት ሠራተኛዋን አዊንጃን ሆና የተወነችው ጃኪ ቫይክም ተከታታዩ ካበቃ በኋላ ገጸ ባሕርይዋን በራሷ ሥራ ይዛ ቀጥላለች። ከአጭር ቪዲዮ ወደ ሙሉ ፊልም ለመሻገር ግን ገንዘብና የሚያምን ሰው ያስፈልጋል።

ሆሊውድም ቢሆን ይህን መተማመን በቀላሉ አልሰጠም። ኤሌን ሜይ እ.ኤ.አ. በ1971 «ኤ ኒው ሊፍ» የተባለውን ኮሜዲ ጻፈች፣ ዳይሬክት አደረገች፣ ከተዋናዩ ዋልተር ማታው ጋርም ተወነችበት። በጫጉላው ሌሊት ሙሽራዋ የሌሊት ልብሷን ስትለብስ ጭንቅላቷን በክንድ ማስገቢያው ታስገባለች፤ ለገንዘቧ ሲል ያገባት፣ ሊገድላትም ያሰበው ባል ልብሱን ለማስተካከል መከራውን ያያል። ሜይ ትዕይንቱን አታጣድፈውም። ገዳይ ሊሆን ያሰበው ሰው ሳያውቀው ተንከባካቢ ሲሆን የምናየው በዚያ ዝግታ ውስጥ ነው።

የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት ግን ረጅሙን ቅጂዋን ወስዶ ቆረጠው። ሜይ ከሰሰች፤ አልተሳካላትም። በ1987 ያወጣችው «ኢሽታር» ከከሰረ በኋላ ደግሞ ሌላ ልብ ወለድ ፊልም ዳይሬክት አላደረገችም። የክብር ኦስካር ሲሰጣት 2022 ነበር፤ ዕድሜዋ 89። ብዙ ወንድ ዳይሬክተሮች ከስረው ሌላ ዕድል አግኝተዋል። ለሴት ግን አንድ ኪሳራ የዕድሜ ልክ ፍርድ ሲሆንባት፣ የምናጣው ገና ያልሠራቻቸውን ፊልሞች ጭምር ነው። በአንጻሩ ከትወና ወደ ዳይሬክተርነት የተሻገረችው ግሬታ ገርዊግ በ2023 «ባርቢ»ን ስትሠራ ፊልሙ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። «ሴት የመራችው ኮሜዲ አይሸጥም» የሚለው ሰበብ እዚያ ላይ አብቅቶለታል።

በአገራችን በኢትዮጵያ ደግሞ የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች ለዓመታት የሞላው የፍቅር ኮሜዲ ነው። ፖስተሩን የሚያደምቁት ተዋናይቶች ናቸው፤ «ደራሲና ዳይሬክተር» ከሚለው ሥር ግን በአብዛኛው የምናነበው የወንድ ስም ነው። ችሎታ ጠፍቶ አይደለም። ዳይሬክተሮቹ ቅድስት ይልማ በ«ረቡኒ» ፊልሟ፣ ፊልሟን እ.ኤ.አ. በ2015 ለቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ያበቃችው ሔርሞን ኃይላይም ይህን በሥራቸው አሳይተዋል። የዳይሬክተርነቱ በር ለኮሜዲ ተዋናይቶችም መከፈት አለበት።

ስለዚህ ፕሮዲውሰሮች ሆይ፣ ተዋናይቷ ቀረጻ ላይ የፈጠረችው ቀልድ በደራሲነት በስሟ ይመዝገብላት፤ ይከፈላትም። የራሷን ድርሰት ይዛ ስትመጣ ዳይሬክት የማድረግ ዕድል ይሰጣት፤ የመጨረሻው ቅጂ ላይ ያላት ድምፅ በውል ይጻፍ። የመጀመሪያ ፊልሟ ባይሳካም ሁለተኛውን ትሥራ። እኛ ተመልካቾችም ትኬት ስንቆርጥ ማን እንደተወነ ብቻ ሳይሆን ማን እንደጻፈና ማን እንደመራ እንጠይቅ፤ ፕሮዲውሰር የሚሰማው የተመልካችን ጥያቄ ነውና።

የአምዱ ጸሐፊ፣ ከኢምባካሲ፣ ናይሮቢ