ፍሬኑ አልበጠሰም፤ ፈላ

ይህ ዓምድ እስከ ዛሬ የታክሲ፣ የካምሪና የሚኒቫን ወዳጅ ሆኖ ነው የኖረው። ዘይት መቼ ይቀየራል፣ መኪናው በኤሚሽን ምርመራ ለምን ይወድቃል፣ ከጨረታ የተገዛ መኪና ምን ምኑ ይታያል ስንባባል ከርመናል። ዛሬ ግን ከልማዳችን ወጣ ብለን ስለ ስፖርት መኪና እናወራለን። ወደን አይደለም፤ ልጆቻችን አደጉብን። አባት ኤርፖርት የታክሲ ተራ እየጠበቀ፣ እናት ሆቴልና ዌርሃውስ እየሠራች ያሳደጓቸው ልጆች ተመርቀው ደህና ደሞዝ ሲይዙ፣ አንዳንዶቹ ያገለገለ ቢኤምደብሊው ኤም3 ይገዛሉ፤ ኪሳቸው ያልፈቀደላቸው ደግሞ ማዝዳ ሚያታ። ገዝተው ደጅ ቢያቆሙት ባልከፋ። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ሄልሜታቸውን ይዘው ወደ ብራዝልተን ይነዳሉ፤ ማታ የተቃጠለ ጎማ እየሸተቱ ይመለሳሉ።

ለማያውቅ ለመንገር ያህል፣ ብራዝልተን በአይ-85 ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል የምታስነዳ ከተማ ናት። ሮድ አትላንታ የተባለው የውድድር መንገድ እዚያ የተከፈተው በ1970 ነው። ዙሩ 2.54 ማይል፣ ኩርባው 12፤ ዳገትም ቁልቁለትም አለው። ፔቲ ለማን የሚባለው ታላቅ ውድድር ከ1998 ጀምሮ የሚካሄደው እዚሁ ነው። ዳውሰንቪልም በ2012 የተከፈተ አትላንታ ሞተርስፖርትስ ፓርክ የሚባል ሌላ ሜዳ አለ። ውድድር በሌለበት ቀን ክለቦች ሜዳውን ተከራይተው፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ተራ ሰው ከፍሎ በገዛ መኪናው እንዲነዳ ያደርጋሉ። ለጀማሪ አስተማሪ አጠገቡ ይቀመጥለታል። ዋንጫ የለም፤ መቅደም የሚቻለውም ለጀማሪ በተወሰነ ቦታ ብቻ፣ ያውም የፊተኛው በእጁ «እለፍ» ሲል ነው። ከሜሞሪያል ድራይቭ ይልቅ ሥርዓት አለው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ «ገንዘብ ማቃጠል!» ይላል። እውነት ነው፤ ገንዘብ ይቃጠላል። ነገር ግን ሌላውንም ጎን እንየው። በ2020 በአትላንታ የባሰበትን የሌሊት የመንገድ እሽቅድምድም በየመኝታ ቤታችን ሆነን ሰምተነዋል፤ በ2021 የጆርጂያ መንግሥት ቅጣቱን ያጠበቀውም በዚሁ የተነሳ ነው። ፍጥነት የያዘው ልጅ የሆነ ቦታ መሮጡ ካልቀረ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና በሌለበት፣ አምቡላንስ ቆሞ በሚጠብቅበት ቦታ ይሩጥ ባዮች ነን። የሚያሰጋን ሜዳው አይደለም፤ የሚነዳው መኪና ነው።

ታክሲ ነጂው ወገናችን መኪና ያውቃል፤ ይህን ማንም አይነሳውም። ሞተሩን በጆሮው ይመረምራል፣ ጎማውን ረገጥ አድርጎ ይፈርዳል። ያ እውቀት ግን የተገኘው በማይል ቆጠራ ነው፦ ይህን ያህል ማይል ሲሆን ዘይት፣ ይህን ያህል ሲሆን ቺንጊያ። ውድድር ሜዳ ላይ የሚቆጠረው ማይል ሳይሆን ሙቀት ነው። በአንድ ቀን የሚነዳው ከመቶ ማይል ብዙም ባይበልጥ፣ መኪናው የሚደርስበት ግን ታክሲ በዓመት የማያየው ነው።

ከፍሬን እንጀምር፤ ነፍስ ያለው እሱ ላይ ነውና። አገር ቤት ሳለን «መኪናው ፍሬን በጥሶ» የሚለውን ዜና ስንት ጊዜ ሰማን? አባባሉ ገመድ የተቆረጠ ያስመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የተቆረጠ ነገር የለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ከሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ነው። ብልህ የከባድ መኪና ሾፌር ገና ከአፋፉ ማርሽ ይቀንስና መኪናውን በሞተር ያስይዘዋል፤ ፍሬን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ያልነቃው ግን እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ ይወርዳል። መጀመሪያ ሽታ፣ ቀጥሎ ጭስ፣ ከዚያ በኋላ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል ጩኸት ይመጣል። የመጨረሻው ነገር የተበላሸው ታች ይሁን እንጂ የተጀመረው ላይ ነው።

ሮድ አትላንታ ላይ የዓባይ ቁልቁለት በየዙሩ ይመጣል። ኤም3 በረጅሙ ቀጥታ መንገድ 130 ማይል ገደማ ይደርስና፣ መጨረሻው ላይ 10ኤ የተባለው ጠባብ ኩርባ ይጠብቀዋል፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱን ከግማሽ በላይ መቀነስ ግድ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከ120 ማይል ለማቆም ከ60 ማይል ከማቆም አራት እጥፍ ሙቀት ይወጣል። ያ ሙቀት ሌላ መሄጃ የለውም፤ ዲስኩንና ፓዱን ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊያግላቸው ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ይበርዳል። ግን አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ አንድ ወረፋ 20 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ደግሞ አራት ወረፋ።

በዚህ ጊዜ ፍሬን በሁለት መንገድ ይከዳል፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ፔዳሉ እግር ሥር እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሳለ መኪናው አለመቆሙ ነው። ይህ የፓዱ ጉዳይ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ግሎ መያዝ ትቷል። ለመንገድ የተሠራ ፓድ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም፤ ለሜዳ የሚሆን ሌላ ዓይነት ፓድ ይሸጣል። ሁለተኛው የባሰው ነው፤ ፔዳሉ ይለሰልስና እስከ ወለሉ ይወርዳል። ያኔ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፤ የእግርን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰውም ስለዚህ ነው። ሲፈላ ግን እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ነጂው የሚረግጠው አየር ነው። ይህ የደረሰበት ሰው ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ ይምታ፣ ማርሽ ይቀንስ፣ ከዚያም እጁን አሳይቶ ቀስ ብሎ ከሜዳው ይውጣ። «አንድ ዙር ልጨምር» የለም።

ዘይቱ ለምን ይፈላል? የፍሬን ዘይት እንደ ጨው ነው፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። የአትላንታን የሐምሌ ወበቅ ለምታውቁ ማስረዳት አያሻም። በደንቡ መሠረት ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ሲሆን 230 እና 155። ለውድድር ተብሎ የሚሠራው፣ ለምሳሌ ሞቱል 600፣ አዲስ ሲሆን 312 ድረስ ይችላል። ታክሲ በአምስት ዓመት ዘይት ሲሠራ ቢውል ምንም አይታወቀውም፤ እዚያ ሙቀት ላይ አይደርስማ። ሜዳ የሚወጣ መኪና ግን ዘይቱ ከስድስት ወር በላይ ሊቆይ አይገባም። ብዙ ክለቦችም ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ አዘውትሮ የሚወጣ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይቀይራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ሌላ ነገር ነው። ቁጥሩ ስለበለጠ ይሻላል ብሎ የሚገዛ አለና በደንብ ይነበብ።

የሥራው ዋጋ የሚያስፈራ አይደለም። አንድ ሁለት ጠርሙስ ዘይት፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ሰው ግን ሁለት ያስፈልጋል። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ከጎማው ሥር ሆኖ ቡሎኗን ከፍቶ አሮጌውን ዘይትና አየሩን ያስወጣል። ከሩቁ ጎማ፣ ከቀኝ ኋላ፣ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ይመጣል። «ያዝ!» ሲባል መያዝ፣ «ልቀቅ!» ሲባል መልቀቅ፤ ቡሎኗ ሳትዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል፣ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። ለዚህ ሥራ ከአባት የተሻለ ረዳት አይገኝም። በርግጥ መጀመሪያ መግባባት ያስፈልጋል፤ ልጅ ክላች ሲል አባት ፍሪሲዮን፣ ልጅ ቤሪንግ ሲል አባት ኩሽኔታ ይላል። ጣሊያን ትቶልን የሄደውን ቋንቋ ሶማሌ ተራ ያጣራ ሰው ግን፣ ስሙን በእንግሊዝኛ ባያውቀውም ሲንኳኳ ያውቀዋል።

ወደ ሞተሩ እንለፍ። ኩርባ ላይ ሁሉም ነገር ወደ ውጭ ይገፋል፤ ዘይትም እንዲሁ። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ ፖምፓው ለአፍታ አየር ይስባል፤ ያቺ አፍታ በ8,000 ዙር ብሮንዚን ለመፋቅ ትበቃለች። ስለዚህ በየወረፋው መሐል ኮፈን ከፍቶ ዘንጉን ማየትና ዘይቱን ከላይኛው ምልክት ሳያጎድሉ መያዝ ነው። ልጆቻችን የሚወዱት ከ2001 እስከ 2006 ያለው ኤም3 በብሮንዚን ይታማል፤ ኩባንያው ራሱ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ስሪቶች ጠርቶ ቀይሯል። የሚፈልገውም 10-60 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ነው፤ ርካሹን 5-30 መሙላት አይሆንም። ይህ መኪና ደግ አመል አለው፤ የዙር መቁጠሪያው ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ሳይጠፉ ሞተሩን ማስጮህ በገዛ ገንዘብ ላይ መጮህ ነው።

የዚሁ መኪና ሌላው በሽታ ከሥር ነው። የኋላውን እግር የሚሸከመው ብረት ከወለሉ ጋር በተያያዘበት ቦታ ላሜራው ይሰነጠቃል፤ ሜዳ ላይ ሲነዳ ደግሞ ይፋጠናል። ከመግዛት በፊት በሊፍት አስነስቶ በባትሪ መብራት ማየት ነው። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለ ያስፈልጋል። ብየዳው ኋላና ውስጡን ማፍረስ ስለሚጠይቅ ሂሳቡ በሺህ ዶላር ይቆጠራል። ውኃ ማቀዝቀዣውም ፕላስቲክ ይበዛበታል፤ የውኃ ማጠራቀሚያው፣ ፖምፓውና ቴርሞስታቱ ዕድሜያቸው ካልታወቀ ቀድሞ መቀየር፣ ቴስታታ ከመጣመም ይሻላል።

ሚያታ በዚህ ሁሉ ይቀላል። ክብደቱ ከኤም3 በ500 ኪሎ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ፍሬንም ጎማም ኪስም ያድናል። ምክር ከተጠየቅን ለጀማሪ የምንመርጠው እሱን ነው፤ ልጆቹ «የሴት መኪና» ብለው ቢስቁም፣ ሜዳው ላይ ሲቀድማቸው ሳቁን ይተዋሉ።

ጎማ ላይ አጭር ነገር። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ከቡፎርድ ሃይዌይ የተገዛ አሮጌ ጎማ ጥርሱ ቢያምርም ቁጥሩ ይታይ። ሜዳ ላይ ጎማ ሲግል ነፋሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከወረፋው ሲወጡ በትኩሱ ለክቶ መቀነስ ነው። የቸርኬ ቡሎኖች በየወረፋው መሐል በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ፤ ለዚህ ኤም3 ልኩ 120 ኒውተን ሜትር፣ በእኛ አሜሪካ 88 ፓውንድ-ፉት ገደማ ነው። ክሪክ ላይ ሲነሳ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ማወዛወዝ ኩሽኔታውን ይናገራል፤ ከተንቀጠቀጠ ወይም በመንገድ እንደ ንብ ካጉረመረመ፣ ለቅዳሜ አይወጣም።

ስለ ኢንሹራንስ ሳንናገር ብናልፍ ወላጆች ይቀየሙናል። ብዙው የመኪና ኢንሹራንስ በውድድር ሜዳ የደረሰን ጉዳት ከውሉ አውጥቶታል። መኪናው በአባት ስም ከሆነ ደግሞ ነገሩ የአባት ነው። ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ ለሜዳ የተለየ ኢንሹራንስ አለ፤ ውሉን ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

የመጨረሻው ነገር፣ ከሜዳ ሲወጣ። የመጨረሻው ዙር ፍሬን ሳይነካ በቀስታ ይነዳ፤ ዲስኩ ነፋስ ያግኝ። ሲቆም ግን የእጅ ፍሬን አይጎተትም፤ የጋለው ብረት ከያዘው ጋር ተጣብቆ ይቀራል ወይም ይጣመማል። በማርሽ ይቁምና ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ፣ ልክ እንደ አገር ቤት ሎንቺና። ድንጋይ ካልተገኘ የእንጨት ቁራጭ ከሆም ዲፖ ቁርጥራጭ ሣጥን አይጠፋም።