ዘርን በአፍንጫ የሚለካ ሚዛን



ሰሞኑን አንድ ወጣት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ሽማግሌ ልኮ እምቢ ተብሏል። በዲኑም በአኽላቁም እንከን አልተገኘበትም። «መልኩን አታዩም? የአረብ ዘር የለበትም» ተብሎ ነው። ይህ የሆነው እዚሁ አሊዩ አምባ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኛ የይፋት ሰዎች ዘር መቁጠር እንወዳለን። «አርጎባ» ማለት «አረብ ገባ» ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። የሸዋ ሱልጣኔት ገዢዎች የነበሩት መኽዙሚዎች ዘራቸውን ከመካ ይቆጥሩ ነበር። በ1285 እ.ኤ.አ. እነሱን አሸንፈው ግዛታቸውን የጠቀለሉት ወላስማዎችም ወደ አረብ ምድር ይቆጥሩ ነበር። ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴም የአሊዩ አምባን ገበያ ለብዙ ዘመን ሲያደምቅ ኖሯል። ስለዚህ ከአረብ ጋር አልተዋለድንም አልልም። የምለው፣ ይህ በመልክ አይለይም ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የዘረመል ጥናት 188 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ነበር። ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ በሚናገሩት ዘንድ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ የዘር ድርሻ ተገኘ፤ እስከ ግማሽ የሚጠጋ። ይህ ድብልቅ የጀመረው ግን ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እስልምና ከመጣ 1400 ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ ሰልካካ አፍንጫ ከሶሓባ መወለድን እንዴት ይመሰክራል? ያንኑ ድርሻ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ አፋሩም፣ ሶማሌውም ይዞታል።

«ታዲያ የአንድ አምባ ሰው ለምን ይመሳሰላል?» ትሉኝ ይሆናል። ቁጥሩን አስቡት። አንድ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች አሉት። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ሲቆጠር 1024 ይደርሳል። በተራራ ላይ ተነጥሎ እርስ በርሱ ሲጋባ በኖረ መንደር ግን ያ ሁሉ ሰው ከየት ይመጣል? ያው ቅድመ አያት በእናትም በአባትም በኩል ተደጋግሞ ይቆጠራል። በባሕር በተከበበ ደሴት የሚሆነውም ይኸው ነው። መመሳሰላችን ለረጅም ጊዜ አብረን መኖራችንን ያሳያል እንጂ ከሌላው መብለጣችንን አያሳይም።

ኡሳማ ኢብን ዘይድን (ረ.ዐ) አስታውሱ። አባቱ ቀይ፣ እሱ ጥቁር ስለነበር ሰዎች በዘሩ አሙት። እናቱ ኡሙ አይመን ሐበሻዊት ነበረች። አባትና ልጅ ፊታቸውን ሸፍነው ተኝተው ሳለ አንድ ዘር አዋቂ እግራቸውን ብቻ አይቶ «እነዚህ እግሮች አንዱ ከሌላው ናቸው» ሲል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጅግ ተደሰቱ። በኋላም የቁረይሿን ፋጢማ ቢንት ቀይስን ኡሳማን እንድታገባ መከሯት። መጀመሪያ አልወደደችም፤ ካገባችው በኋላ ግን ሌሎች የሚቀኑበት ኸይር አገኘች።

አዎ፣ ፉቀሃዎች ስለ ከፋአ ሲናገሩ ዘርን ያነሱ አሉ። ግን ልጅቷና ወሊዋ ከወደዱ ሊተዉት የሚችሉት መብታቸው ነው። የቆዳ ቀለምና የአፍንጫ ቅርጽ ደግሞ ከናካቴው የሉበትም።

እናንተ ወጣቶች ነገ ወሊ ትሆናላችሁ። ሽማግሌ ደጃችሁ ሲመጣ ስለ ሶላቱ፣ ስለ አማናው፣ ስለ ሥራው ጠይቁ። አፍንጫውን ተዉት።

ወላሁ አዕለም።