መድኃኒቱ ተገኘ፤ ሕፃኑስ በጊዜ ተገኘ ወይ?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ነገር ግን ከኤች.አይ.ቪ. ጋራ የተወለደውን ሕፃን ለዕድል የተውነው እንደ ሆነ፣ ዕድሉ እጅግ ጠባብ መሆኑን ሐኪሞች ነግረውናል፤ መድኃኒት ካላገኙት ሕፃናት ግማሽ የሚያህሉት ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይሞሉ ይሞታሉ።

ይህን ዕጣ ለመለወጥ ጊዜ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አጉልቶ ያሳየው በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውንና በሶዌቶ የተደረገው ጥናት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከሕፃናቱ አንደኛው ወገን ገና በጥቂት ሳምንት ዕድሜው መድኃኒት ጀመረ፤ ሌላው ወገን ግን ሕመም እስኪታይበት ወይም የሰውነቱ የመከላከል ኃይል እስኪደክም ተጠበቀ። ቀድሞ በጀመረው ወገን ሞት በ76 ከመቶ ቀነሰ። መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ የተለየው የተጀመረበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቫይረሱ እንደ ተገኘበት ወዲያው መድኃኒት እንዲጀምር መከረ።

የመድኃኒቱም ነገር ተሻሽሏል። ቀድሞ ለሕፃናት ይሰጥ ከነበረው አንዱ ሽሮፕ መራራ ከመሆኑም በላይ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ነበር፤ ይህ ለገጠር እናት ምን ያህል ችግር እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ዛሬ ዶሉቴግራቪር የተባለው መድኃኒት በውሃ የሚሟሟና የእንጆሪ ጣዕም ያለው ክኒን ሆኖ ቀርቧል። በ2020 ይፋ በሆነው ስምምነትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ለአንድ ሕፃን የዓመት ዋጋው ከ40 ዶላር በታች ወርዷል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ካለ፣ ዋጋውም ከወረደ፣ ሕፃናት ስለምን ይሞታሉ? የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ድርጅት አኃዝ እንደሚያመለክተው፣ በ2023 ቫይረሱ ካለባቸው ትልልቅ ሰዎች 77 ከመቶው መድኃኒት ሲያገኙ፣ ከልጆች ያገኙት 57 ከመቶው ብቻ ናቸው። ቫይረሱ ካለበት ሕዝብ ልጆች 3 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በኤድስ ከሚሞተው ግን 12 ከመቶውን ይይዛሉ።

ዋናው ምክንያት ምርመራው ነው። የእናት ደም የሠራው መከላከያ በልጁ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆይ ስለሚችል፣ የተለመደው ምርመራ በሕፃን ላይ አያስተማምንም። ስለዚህ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ከሕፃኑ ተረከዝ የተወሰደችው ጠብታ ደም በወረቀት ላይ ደርቃ ብዙ ጊዜ ሩቅ ወዳለ ላቦራቶሪ ትላካለች። መኪናው ሲዘገይ፣ ውጤቱ በመዝገብ ቤት ሲያድር፣ እናቲቱም ወደ ቀበሌዋ ስትመለስ፣ ያ ውድ ጊዜ ያልፋል።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ ነገር የሐኪም ብቻ ነው አትበል። መኪና የሚመድበው፣ በጀት የሚጽፈው፣ ደብዳቤ የሚመራው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወንበር የያዘው የእኛው ጓደኛ ነው። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ በልጅነታቸው ሕክምና አግኝተው ዛሬ እኩዮቻችን የሆኑ አሉ። እነርሱ በሕይወት የቆዩት በጊዜ የተገኙ በመሆናቸው ነው። ስለዚህ «ነገ ተመለሱ» ከማለታችን በፊት፣ በጠረጴዛችን ላይ ያደረው ወረቀት የማን ልጅ ጉዳይ እንደ ሆነ እንመልከት።