«ቲቸር፣ ውሻው ተከትቧል?»

ባለፈው ክረምት ነው። ውሻችን ቡቺ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘና ወጥቶ የጎረቤታችንን ልጅ ባቱ ላይ ነከሰው። እናትየው እየሮጡ መጡ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ቲቸር፣ ውሻው ተከትቧል?»

ዝም አልኩ። ክፍል ውስጥ ስለ ቫይረስና ስለ ክትባት የማስተምር ሰውዬ መልስ አልነበረኝም።

ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጠብነው፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ልጁ ክትባት ጀመረ። ቡቺ ደግሞ ለ10 ቀን ታስሮ እንዲጠበቅ ተነገረን። እነዚያን 10 ቀናት አልረሳቸውም። በየጠዋቱ ተነስቼ መጀመሪያ የማየው ውሻው መብላት አለመብላቱን ነበር።

እስቲ እውነቱን እናውራ። ከዚያ በፊት ውሻን ሐኪም ጋ መውሰድ ለእኔ የሀብታም ነገር ነበር። «ይበላል፣ ይጮኻል፣ ሌባ ያባርራል፤ ምን ሆነና?» እል ነበር። አሁንም ቢሆን ጤነኛ ውሻን በየሦስት ወሩ አስመርምሩ የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። በመምህር ደሞዝ አስቤዛው ራሱ መች ሞላ?

ሁለት ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም።

አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሆነው ይጀመራል፣ ከዚያ በየጊዜው ይደገማል፤ እኛ ጋ በዓመት አንዴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በሽታ ሰው ላይ ሲከሰት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው ከውሻ ነው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። «የእኔ ውሻ እኮ ጤነኛ ነው» ማለት አይሠራም። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ቫይረሱም ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ምራቁ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው የትል መድኃኒት ነው። በዓል ሲመጣ በግ አርደን ውሃ የቋጠረውን ጉበትና ሳንባ ለውሻ የምንጥል ስንቶቻችን ነን? በዚያ ውስጥ ያለው ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በእጅና በምግብ አድርጎ ልጆቻችን ሆድ ይገባል። ሰው ጉበት ላይ ያንኑ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ መድኃኒቱን ስጡ፣ እንዲህ ዓይነቱን ሥጋም ቅበሩት።

እንግዲህ ለክትባቱ በዓመት አንዴ ከሄዳችሁ ሐኪሙ በዚያው ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ቆዳውን ያይላችኋል። በቃ፣ ለእኛ ኑሮ ምርመራው ይሄው ነው። የግል ክሊኒክ ከከበዳችሁ የአካባቢያችሁን የመንግሥት እንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ።

ቡቺ 10ሩን ቀን በሰላም ጨረሰ፣ ልጁም ደህና ነው። ግን እስከ ዛሬ በእኛ በር በኩል አያልፍም፤ መንገድ ተሻግሮ ነው የሚሄደው። ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

አሁን የቡቺ የክትባት ካርድ ቤት ውስጥ አለ። ነገ ማንም ቢጠይቀኝ መልስ አለኝ። ወዳጆቼ፣ እናንተስ?