መብራቱ ሳይጠፋ መዝገቡ ይዘጋ

የዕድራችን መዝገብ ከጸሐፊው ደብተር ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ሰነባብቷል። ማን ከፈለ፣ ማን ውዝፍ አለበት፣ ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብ ስንት ይሰጥ የሚለውን የሚመልሰው ዳታቤዙ ነው። ታዲያ አዘጋጉን ስንቶቻችን እናውቃለን?

መብራት የሚጠፋው አገር ቤት ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2010 ከፓሎ አልቶ የተነሳች አነስተኛ አውሮፕላን የኤሌክትሪክ መስመር መትታ ወደቀች፤ 3ቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ፤ ከተማዋም ለሰዓታት ያለ መብራት ዋለች። በኦክቶበር 2019 ደግሞ ፒጂ ኤንድ ኢ ሰደድ እሳት ፈርቶ፣ የኦክላንድ ኮረብታዎችና የሳን ሆዜ ከፊል ሰፈሮች ያሉበትን ከ700 ሺህ በላይ ደንበኛ መብራት ሆን ብሎ አቋረጠ። የፊተኛው ድንገተኛ ነው፤ የኋለኛው ግን አስቀድሞ ተነግሮ ነበር።

ዳታቤዝ የተነገረውን ሁሉ ወዲያው በዋናው መዝገብ ላይ አያሰፍርም። ብዙውን በሚሞሪ ይዞ ይቆያል፤ አስቀድሞ ግን ሎግ በሚባል ተከታታይ መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። 100 ዶላር ከዕድሩ ካዝና ወጥቶ ለሐዘንተኛው ሲሰጥ፣ ወጪውም ክፍያውም አብረው ይጻፋሉ፤ አለዚያ ሁለቱም ይቀራሉ። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ፣ ዳታቤዙ ሲነሳ ሎጉን አንብቦ ያለቀውን ያጸናል፤ ያላለቀውን ይሰርዛል። በሳን ሆዜው የአይቢኤም አልማደን ምርምር ማዕከል ሲ. ሞሃንና ባልደረቦቻቸው ይህን ዘዴ አሻሽለው በ1992 አሳትመውታል።

ታዲያ ምን ያስፈራል? ዲስክ ይዋሻል። «ጻፍኩ» ብሎ ገና በጊዜያዊ ማቆያው ይዞት ከሆነ፣ መብራቱ ሲሄድ ሎጉም አብሮ ይጎድላል። ማይአይሳም የተባለው የቆየ የማይኤስኪውኤል ሠንጠረዥ ደግሞ ከነጭራሹ እንዲህ ያለ ሎግ የለውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ይውጡ። ቀጥሎ ቅጂ ወስዶ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ። ከዚያ ዳታቤዙን በራሱ ትእዛዝ መዝጋት፤ በዚሁ በርክሌይ በተወለደው ፖስትግሬስ «ፋስት» የሚባለው አዘጋግ ያላለቀውን ሰርዞ፣ የቀረውን ወደ ዲስክ አውርዶ ይዘጋል። «ኢሚዲየት» ግን ሶኬት ከመንቀል ብዙም አይሻልም፤ ለጭንቅ ቀን ይቆይ። መዘጋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ኮምፒውተሩ፣ በመጨረሻም ኃይሉ ይጥፋ። ዘገየ ብሎ መንቀል የለም፤ ቦታ ጠበበ ብሎ ሎጉን መደምሰስም የለም።

ለድንገተኛው ደግሞ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ይገዛ፤ በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር ከተገናኘና በአግባቡ ከተስተካከለ፣ ሰው ባይኖር እንኳ ባትሪው ሳያልቅ መዝጊያውን ያስጀምራል።

ዕድር የቆመው በመተማመን ነው። የሞተ ሰው ቤተሰብ ፊት «መዝገቡ ተበላሽቷል» ከማለት፣ ሳይቃጠል በቅጠል።