ሠርጉ ከግሪን ካርዱ ይቅደም ወይስ ይከተል?

በዚህ ዓምድ ስለ እጮኝነት ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ መተዋወቅ፣ ስለ ቤተሰብ ፈቃድና ስለ ሠርግ ወጪ ነው። በዚህ እትም ግን አንዱ አሜሪካ ተቀጥሮ እየሠራ፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ሆና የሚጠባበቁ እጮኛሞችን ጉዳይ እናያለን። (የተገላቢጦሹም አለ፤ እህት ነርስ ሆና እዚያ፣ ወንድም እዚህ።) እንዲህ ያሉት "ካርዱ ይምጣና እንጋባለን" ይላሉ። አሳቡ ከጨዋነት የመጣ ነው፤ ቤቱን ሳያዘጋጅ ሙሽራ ማምጣት የሚወድ የለምና። የአሜሪካ ሕግ ግን የሚቆጥረው በተቃራኒው ነው።

በሥራ የሚገኝ ግሪን ካርድ በአብዛኛው የሚጀምረው በአሠሪው ነው። አሠሪው በመጀመሪያ ለቦታው በአካባቢው የሚከፈለውን ደመወዝ ከአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያስወስናል፤ ከዚያም ማስታወቂያ አውጥቶ ለቦታው ብቁና ፈቃደኛ የሆነ አሜሪካዊ ሠራተኛ አለማግኘቱን ያሳያል። ፐርም የሚባለው ይህ ነው። የፐርምን ወጪ፣ የጠበቃውንም ጨምሮ፣ አሠሪው ራሱ እንዲከፍል ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያስገድደዋል፤ ስለዚህ "ከደመወዝህ ይቆረጣል" የሚል ቢመጣ ዝም አትበሉ። ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ሙያቸው እጥረት ያለበት ተብሎ አስቀድሞ ስለ ተመደበ የማስታወቂያውን ፈተና ይዘሉታል። ቀጥሎ አሠሪው አይ-140 የተባለውን ማመልከቻ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ያስገባል፤ ፐርሙ ከጸደቀ በኋላ 180 ቀን ካለፈው ፐርሙ ዋጋ ያጣል። ወረፋው የሚቆጠረው ፐርሙ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሲሆን ተራው መድረሱ በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ቡሌቲን ይታያል። ተራው የደረሰለት፣ አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ ቪዛ ያለ ሰው አይ-485 ያስገባል፤ ከአገሩ ውጭ ያለው በኤምባሲ በኩል ይጨርሳል።

እስከዚህ ድረስ ፋይሉ የአንድ ሰው ይመስላል። ነገር ግን ሕጉ የትዳር ጓደኛንና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆችን በዚያው ፋይል ይጨምራል። እዚህ ላይ ወሳኙ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን ነው። ዋናው አመልካች ነዋሪነቱ ከመጽደቁ በፊት ካገባ፣ ሚስቱ በእርሱ ተራ፣ አብራው ወይም ተከትላው፣ መግባት ትችላለች። በጸደቀ ማግስት ካገባ ግን ይህ መብት የለም። ያን ጊዜ አይ-130 የተባለ አዲስ የቤተሰብ ማመልከቻ ያስገባል፤ እርሷም ኤፍ-2ኤ በሚባል ሌላ ወረፋ ትሰለፋለች። ዜግነት አገኝና ያለ ወረፋ አመጣታለሁ ቢል፣ በመደበኛው ሕግ አምስት ዓመት ነዋሪ ሆኖ መቆየት አለበት። በአንድ ቀን ልዩነት የዓመታት መለያየት! ደግሞም ማጽደቂያው ብዙ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚመጣው፤ ሠርጉን ለፋሲካ ማግስት የቀጠሩ እጮኛሞች ካርዱ በጥር ፖስታ ሣጥን ውስጥ ሊያገኙት ይችላሉ።

"እንግዲያውስ ነገውኑ ሄጄ ላግባ" የሚል ወንድም ደግሞ ይታገሥ። አይ-485 አስገብቶ አድቫንስ ፓሮል የተባለውን የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደ ተወ ይቆጠርበታል። በኤች-1ቢ ወይም በኤል-1 የሥራ ቪዛ የሚኖርና በዚያው ቪዛ የሚመለስ ሰው ከዚህ ነፃ ነው፤ እርሱም ቢሆን በፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ ጊዜው አለማለፉን ይመልከት። ሌላው ግን ፈቃዱ እጁ ሳይገባ ትኬት አይቁረጥ። በእኛ አስተያየት ለሠርግ የሚመቸው ጊዜ ፐርሙና አይ-140 ሄደው አይ-485 ገና ያልገባበት፣ ወረፋው የሚጠበቅበት ወቅት ነው። ስለዚህ በአጥቢያችሁ የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ስንት ወር እንደሚፈጅ አስቀድማችሁ ጠይቁና ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

መጓዝ ያልቻሉ አንዳንዶች በውክልና መጋባትን ያስባሉ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሁለቱ ሙሽሮች በአካል አብረው ያልተገኙበትን ጋብቻ፣ ከዚያ በኋላ ተገናኝተው በግብር ባልና ሚስት ካልሆኑ በስተቀር፣ አይቀበለውም። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ይቀበለዋል፤ ሆኖም ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሄዳችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ማውጣት አትዘንጉ። ፊርማውን አስቀድመው ድግሱን ለኋላ የሚያቆዩም አሉ። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች በግልጽ ይነገር፤ በድብቅ የተፈረመ ወረቀት በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል። ያገባ ሰውም ፋይሉ ላይ "ያላገባ" ተብሎ እንዳይቀር በዚያው ሳምንት ለጠበቃው ያስታውቅ።

ይህን ስንል ግን ለመጋባት ገና ያልወሰኑትን ቡሌቲን ያጋባቸው ማለታችን አይደለም። መርማሪዎቹም ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ይጠይቃሉ።

ባል ካርዱን አሜሪካ ውስጥ ካገኘና ጋብቻው ከዚያ በፊት ከሆነ፣ አይ-824 በተባለ ቅጽ ኤምባሲው እንዲያውቅ ያደርጋል። እርሱ ነዋሪ ሆኖ፣ ትዳራቸውም ጸንቶ እስካለ ድረስ ተከትላ የምትመጣበት የጊዜ ገደብ የለም። ይህ መብት ዛሬ ዋጋው የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2026 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠትን እንደሚያቆም ስላስታወቀ ነው። እገዳው አሁን በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ።

ወደ 21 ዓመት የተጠጉ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ጉዳይ ራሱን የቻለ ስሌት ስላለው በሌላ እትም እንመለስበታለን።